ከክሊኒኩ መዝገብ ስለወጡት አሥራ አራት ስሞች የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ካሰች ተስፋው
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ በግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ባዬ ሃይለ ሚካኤል

ስለጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት ቃል ይህ ነው።

በቡሬ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ በካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የታካሚዎች ካርድ ቀድሞ በወረቀት ይያዝ የነበረ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጧል። የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሉ ለአራታችን ሠራተኞች አንድ ነበር። እንዳንረሳውም በፕላስተር ላይ ጽፌ ከጠረጴዛው ጎን ለጥፌው ነበር። ይህ ጥፋት መሆኑን ያኔ የነገረኝ ሰው የለም።

ጥር 5 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ገደማ፣ ታካሚ በበዛበት ሰዓት፣ በእጅ ስልኬ ተደወለልኝ። ደዋዩ ወንድ ሲሆን ስሙ ባምላኩ እንደሚባል፣ የሚደውለውም ፕሮግራሙን ከጫነልን ድርጅት እንደሆነ ገለጸልኝ። "እታለም፣ እንደምን ከረሙ? ሥራ ላይ ሆነው አስቸገርኩዎ" አለኝ። አነጋገሩ የአገሬ ሰው አነጋገር ነው። ከጥምቀት በፊት ፕሮግራሙ ካልታደሰ መዝገቡ በሙሉ ይጠፋል ሲለኝ ደነገጥኩ። የይለፍ ቃሉን ነገርኩት። ወዲያው በስልኬ የመጣውን ባለ ስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥርም ሲጠይቀኝ አነበብኩለት። እሱም አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃሉን አልቀበል አለ። ሐሙስ ጥር 7 ቀን የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ጌታሁን ወደ ቢሮው ጠርቶ በቴሌግራም የደረሰውን መልእክት አሳየኝ። በየወሩ ለክትትል የሚመጡ የአሥራ አራት ታካሚዎች ስም፣ ስልክና የሕመማቸው ዓይነት ተዘርዝሯል። ገንዘብ ካልተላከ በከተማው የቴሌግራም ግሩፖች እንደሚለጠፍም ተጽፏል። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

አቶ ጌታሁን እንደማይከፍልና ለፖሊስ እንደሚያመለክት ነገረኝ። ያመለከተውም በዚያው ቀን ነው። ነገር ግን "ለታካሚዎቹ ምንም እንዳትነግሪ። ምናልባት ላይለጥፈው ይችላል። ከነገርናቸው ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጡም" አለኝ። እኔም "እነዚህ ሰዎች ለእናታቸው ያልነገሩትን ለእኔ ነግረውኛል። ከማያውቁት ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት" ስል መለስኩለት። በመጨረሻም ከተማ የሚኖሩትን አምስቱን እሱ ራሱ እንደሚያነጋግር ገለጸልኝ። ዘጠኙ የገጠር ሰዎች ለእኔ ደረሱኝ።

ከነዚህ የአንዷን ስም ብቻ እናገራለሁ። እሷም ወ/ሮ እንቁ ትባላለች፤ ስሟ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። የሌሎቹን ስም በዚህ ወረቀት እንዳላስመዘግብ ስላመለከትኩ ተፈቅዶልኛል።

እንቁ የሚጥል በሽታ አለባት። ስምንት ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን እያሳበበች ክሊኒካችን እየመጣች መድኃኒት ስትወስድ፣ ባሏ እንዳይሰማ አደራ ብላኝ ነበር። በአገራችን ይህን ሕመም ልክፍት ነው የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከሰማ ይፈታኛል ብላ ትፈራ ነበር።

ቅዳሜ ጥር 9 ቀን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ በእግሬ ሄጄ ከረፋዱ 5፡00 ላይ ቤታቸው ደረስኩ። እንቁና ባለቤቷ አቶ ስመኘው ግቢያቸው ውስጥ ዛላ በርበሬ አስጥተው ያገላብጡ ነበር። እንዳየችኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ለብቻዋ ላነጋግራት ወደ አጥሩ ጥግ ወስጃት የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። "ዛሬ እኔው ልንገረው፤ እርስዎ ግን አጠገቤ ይሁኑ" አለችኝ።

ተመልሰን ስትነግረው አቶ ስመኘው ከበርበሬው ላይ ዓይኑን አላነሳም። ስትጨርስ "እኔ እኮ ካወቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው" አላት። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወድቃ ከማዶ ሆኖ እንዳያት፣ እሱ ሮጦ ሳይደርስ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ አዳልጦኝ ነው እንዳለችው አስታወሳት። "እንዳላይሽ ስለፈለግሽ አላየሁም አልኩ" አላት።

እንቁ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ውኃ እንድትቀዳ የማይፈቅድላት፣ እሳት አጠገብም ብቻዋን የማይተዋት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። "ቅናት ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተጣላሁህ!" ስትለው እሱም "ተጣላሽኝ እንጂ አልወደቅሽም" አላት። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ አቶ ስመኘው "እርስዎ ፀሐይ መትቶዎታል፤ መጀመሪያ ጥላው ይግቡ" አለኝ።

ዝርዝሩ በማግስቱ እሑድ በአንድ ግሩፕ ተለጠፈ። በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኙ አንድ ጎረቤት ስልኩን አውጥቶ ለአቶ ስመኘው ሊያሳየው ሲል "የሚስቴን ሕመም ከእኔ በፊት አንተ ልታውቅ ነው? ዝጋው" እንዳለው እንቁ ነግራኛለች።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልነበረም። አንዲት እናት በሩን ዘግታብኛለች፤ ልጇ የታጨችበት ቤት እንዳይሰማ ብላ ነው። ከውጭ ቆሜ በሩን እያየሁ ይቅርታ ጠይቄያት ተመልሻለሁ። አልፈርድባትም።

የደዋዩን ድምፅ ብሰማ እለየው እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎን እለየዋለሁ። የደወለበት ቁጥር በስልኬ ስላለ ለፖሊስ አስመዝግቤያለሁ። እስከ ትናንት ሰባት ሰዎች ጋ ደርሻለሁ። ሁለቱ ቀርተውኛል። አንደኛው ስልክ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸው መለጠፉን እስካሁን አልሰሙም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ ከቡሬ ተነሥቶ ወደ እሳቸው የሚሄደው የስምንት ሰዓቱ መኪና ሳያመልጠኝ እንድሰናበት እጠይቃለሁ።

ከላይ የተጻፈው ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የሆነው ይኸው ነው፤ የጨመርኩበትም የደበቅኩትም የለም። ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እንደምደግም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ካሰች ተስፋው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ባዬ ሃይለ ሚካኤል
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡10