ችካሉ ላይ የተቀመጠ በርጩማ

(ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዋ ትርሲት የቅየሳ መሣሪያዋን አቁማ፣ ባለሱቁ ጋሽ ደምሰው ደግሞ በርጩማቸውን ልክ ከችካሏ በላይ አድርገው ተፋጠዋል።)

ትርሲት፦ ጋሽ ደምሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምለምንዎ፤ ይነሱልኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ ቅድምም ለመጨረሻ ጊዜ ብለሽ ነበር። መንገዱ በሱቄ ደጅ ያልፋል በይኝ፣ እነሳለሁ።

ትርሲት፦ መንገድ የለም። ልምምድ ነው። ትናንት ከዚህ ችካል ተነስተን ሜዳውን እየለካን ዞርን። ዛሬ እዚሁ ችካል ላይ ስንመለስ መነሻና መድረሻችን መግጠም አለበት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ከተነሳችሁበት ለመመለስ?

ትርሲት፦ አዎ።

ጋሽ ደምሰው፦ ታዲያ መጀመሪያውኑ አትቀመጡም?

ትርሲት፦ ብቀመጥ ማን ያሳልፈኛል? አምና አልገጠመልኝም፣ ወደቅኩ። ዘንድሮም ካልገጠመ ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እኔ እዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን አለበት? ጥላ አለ፣ ብስኩት አለ።

ትርሲት፦ ብስኩቱን ለመግዛት በጓሮ ዞሮ አጥር መዝለል ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ የት አገር አለ?

ጋሽ ደምሰው፦ በሩ ወደ መንገዱ ስለሆነ ነው።

ትርሲት፦ የቱ መንገድ?

ጋሽ ደምሰው፦ የሚመጣው። የእናንተ ታላላቆች ይቺን ካሜራ ተክለው አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ባየሁ ጊዜ በሩን ከሰፈሩ ወደ ሜዳው አዞርኩት። ባለቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ይኸው እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ትርሲት፦ እሳቸው ነበሩ ምህንድስና መማር የነበረባቸው።

ጋሽ ደምሰው፦ ለዚህ ነው የማልነሳው። መንገዱ መጥቶ አፏን ሳይዘጋልኝ አልሞትም።

ትርሲት፦ ጓደኞቼ እኮ ማዶ የመለኪያውን ዱላ ይዘው ደረቁ። መምህሩም ሊመጣ ነው። ቆይ... ይሄ ችካል ትናንት ለሱቁ እንዲህ ቅርብ ነበር?

ጋሽ ደምሰው፦ መሬት ይንቀሳቀሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ትርሲት፦ በአንድ ሌሊት?

ጋሽ ደምሰው፦ የተማርሽው አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ጋሽ ደምሰው፣ ነቅለውታል?

ጋሽ ደምሰው፦ አስጠጋሁት እንጂ አልነቀልኩትም።

ትርሲት፦ ሳይነቅሉ እንዴት ተጠጋ?

ጋሽ ደምሰው፦ እሺ፣ ለማስጠጋት ያህል ነቀልኩት።

ትርሲት፦ አምናስ?

ጋሽ ደምሰው፦ አምና ገና ስለማፍር ጥቂት ነው ያስጠጋሁት።

ትርሲት፦ አምና መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ከላብራቶሪው ኃላፊ ጋር ተጣልቻለሁ። ቴዎድሮስን ደግሞ ሜትሩን አጣመህ ይዘህብኝ ነው ብዬ ከቡድኑ አባረርኩት። እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ጋሽ ደምሰው፦ ብስኩት ይዘሽለት ሂጂ፣ ይታረቅሻል።

ትርሲት፦ ትክክለኛው ቦታ የት ነው?

ጋሽ ደምሰው፦ መንገዱ በደጄ ያልፋል?

ትርሲት፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ ደምሰው፦ ሞኙ እኔ ልሁን፤ ወረቀቱ አንቺ እጅ ነው። ጻፊበት።

ትርሲት፦ እሺ። መንገድ አለ።

ጋሽ ደምሰው፦ አላልኩም?

ትርሲት፦ የተቀመጡበት ችካል የመንገዱ መሀል ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ እምብርቱ ላይ ነኝ በይኛ።

ትርሲት፦ ከእርስዎ ወደ ግራ የአስፋልቱ ግማሽ፣ ቀጥሎ የእግረኛ መንገድ፣ ቀጥሎ የጎርፍ መውረጃ ቦይ። በቀኝም እንደዚያው።

ጋሽ ደምሰው፦ በቀኜ እኮ ሱቄ ነው ያለው።

ትርሲት፦ ነበር ይበሉ።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ትርሲት፦ አስፋልቱ በረንዳውን ይወስዳል። የእግረኛው መንገድ ባንኮኒው ላይ ነው። ቦዩ ደግሞ ስኳሩን ከሚደረድሩበት ይጀምራል። በደጅ ብቻ ሳይሆን በውስጥም ያልፍልዎታል።

ጋሽ ደምሰው፦ ትንሽ ጎንበስ ቢልስ?

ትርሲት፦ መንገድ ጎንበስ አይልም። ችካሉ ያለበትን ጽፌ ልፈርም ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ አትፈርሚ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ትርሲት፦ ያውና መምህሩ። እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ቆሜም እጽፋለሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ቆይ እንጂ፣ ተነሳሁ። ግራሯን ታያለሽ? ከሥሯ የችካሉ የድሮ ጉድጓድ እንዳለ አለ፣ በቆርኪ ከድኜዋለሁ። በርጩማውን ያዢልኝ፣ ችካሉን እኔ ልውሰድ። ደግሞ ባለቤቴ ከጠየቀችሽ፣ መንገዱ ደርሶ ነበር፣ የመለሰው ባልሽ ነው በያት።