አምስት ሆነን ነው የመጣነው

አሜሪካ ውስጥ ወደ ኮሌጅ ፓርክ በሚሄደው ሻትል አውቶቡስ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«በሥራ የምንከባከባቸው ሽማግሌ በወጣትነታቸው ዘፋኝ ነበሩ» አሉ እናትየዋ።

«ሪሊ? ምን ዓይነት?»

«ዱዋፕ ይሉታል። አምስት የሰፈር ልጆች፣ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ። አንድ ሸክላ አስቀረጹ፤ በሬዲዮም ተሰማ።»

«ከዚያስ?»

«የሸክላው አሳታሚ ለእሳቸው ‹አንተን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ሌሎቹን ተዋቸው› አላቸው።»

«ተዉአቸው?»

«ምን በወጣቸው! ‹አምስት ሆነን ነው የመጣነው› ብለው ጓደኞቻቸውን ይዘው ወጡ። ዘፈኑም በዚያው ቀረ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ስታር ይሆኑ ነበር እኮ፣ እማማ። አይቆጫቸውም?»

«ጠየቅኳቸው፣ ልጄ። ደረታቸውን ነፍተው ‹በሕይወት ያሉት ሁለቱ ዛሬም እሁድ እሁድ እየመጡ አብረውኝ ይዘፍናሉ፤ ምን ይቆጨኛል?› አሉኝ።»

ሳላስበው ወገቤን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።