የአቶ ፋኑኤል ጉግሳ ዜና ሕይወት እና በፋይላቸው የቀረው ደብዳቤ

ከገረሴና ከካምባ ድረስ የመጣችሁ፣ በከተማችንም ሥራችሁን አቋርጣችሁ የተገኛችሁ ወገኖች፣ የአቶ ፋኑኤልን አርባ ዓመት ለመተረክ ረጅም ጊዜ አንወስድባችሁም፤ የሚነበበውም በሰነድ የተያዘው ወይም በሕይወት ያለ ሰው የሚመሰክርለት ብቻ ነው።

አቶ ፋኑኤል ከአባታቸው ከመምህር ጉግሳ ሽመክትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽ አስናቀ በ1977 ዓ.ም. በገረሴ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም ለማስተማር ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ላላሳየ ተማሪ፣ የራሳቸው ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ ዜሮ ይሰጡ እንደነበር ያስተማሯቸው ሁሉ ያስታውሳሉ። አቶ ፋኑኤል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በገረሴ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ ተከታትለው፣ በ2000 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት በከተማችን በሚገኝ አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ባልደረቦቻቸው እዚህ ስላሉ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አላስፈለገም። ሥራቸው ድረ ገጹንና ድረ ገጹን የያዘውን ሰርቨር መጠበቅ ነበር። ድረ ገጹ በተንቀራፈፈ ቁጥር የቢሮው ልማድ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ሲሆን፣ እርሳቸው ግን ማሽኑ ሲጠፋ የችግሩ ምልክትም አብሮ ይጠፋል በማለት ይህን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የረጅም ጊዜ ባልደረባቸው አቶ ዳልጮ እንደሚሉት፣ ሲጠሩ ከሰላምታ በፊት የሚናገሩት «አትንኩት፤ ታሞ ሳለ ልየው» የሚል ነበር። ከዚያም ሰዓቱን ይመዘግባሉ፣ ማሽኑ ምን ያህል እንደተጫነ ያያሉ፣ ጥያቄዎቹ የትኛው ቦታ ላይ ቆመው ምን እንደሚጠብቁ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠው አያውቁም።

በ2004 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማህደር ኦይታ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ኑኃሚንንና ጥዑመልሳንን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የጎብኚዎች ብዛት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዲገባ በመፈለጋቸው፣ አቶ ፋኑኤል በድረ ገጹ ግርጌ ቆጣሪ እንዲያስገቡ ታዘዙ፤ አስገቡም። ቆጣሪው ገጽ የከፈተውን ሰው ሁሉ በአንዲት ቁጥር ላይ እየደመረ፣ አንዱ ተደምሮ እስኪያልቅ ሌላውን የሚያስጠብቅ ነበር። በቀን ሁለት መቶ ሰው በሚገባበት ዘመን ይህ ማንንም አልጎዳም።

በ2014 ዓ.ም. የመምህራን ቅጥር ምዝገባ በዚሁ ድረ ገጽ ብቻ፣ ለሦስት ቀናት ብቻ እንደሚካሄድ ተነገረ። ከምዝገባው ቀደም ብሎ ገጹ መዘግየት ሲጀምር አቶ ፋኑኤል አሥራ አንድ ቀን ተከታትለው፣ ማሽኑ አብዛኛው ጉልበቱ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ፣ ሰዎቹ ግን በሙሉ ቆጣሪው በር ላይ እንደተሰለፉ አረጋገጡ። ግኝታቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ለኃላፊው አስገቡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነውን ቆጣሪ የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሁለተኛው «ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ቆጣሪው ይነሣ፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው» ይላል።

ኃላፊው በቃል የሰጡት መልስ በቦታው በነበሩት በአቶ ዳልጮ ተመስክሯል፤ «ካነሣኸውማ ለበላይ አካል ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው? ጉልበት ካነሰው ጉልበት ይጨመርለት» ነበር ያሉት። ለሰርቨሩ ተጨማሪ ሜሞሪ ተገዝቶ ተገጠመ፤ የጎደለው ጉልበት ስላልነበረ ግን ምንም አልተለወጠም።

ምዝገባው በተከፈተ በሦስተኛው ሰዓት ገጹ ቆመ። ከየወረዳው የወረዱ ተመራቂዎች በከተማችን የሲቀላ ሰፈርን ኢንተርኔት ቤቶች ሞልተው ነበር። ኃላፊው ሰርቨሩ ጠፍቶ እንዲበራ አዘዙ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍቶ በራ። በጠፋ ቁጥር ቅጹን እስከ ግማሽ የሞላው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከካምባ የመጣችው ዕድላዊት የተባለች ተመራቂ እናቷ ስልክ በደወሉላት ቁጥር «እማዬ፣ ገና ይዞራል» እያለች ሦስቱንም ቀን ተቀምጣ ሳትመዘገብ ተመልሳለች። እንደ እርሷ ያሉ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ቅሬታ አስገቡ።

ተጠያቂ መፈለጉ ግን ጊዜ አልወሰደም። በተጠራው ግምገማ የአቶ ፋኑኤል ሪፖርት ተነበበ፤ የተነበበው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ማስጠንቀቂያውም ያንኑ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ «በራሳቸው ብዕር ያመኑ» ይላል። ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ፋይል ፍለጋ የሚመጡት አንዳንዶቹ «ኢንጂነር፣ ዘገየብን እኮ፤ ሪስታርት ያድርጉት እንጂ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። የሳቁት ሰዎች በሕይወት ስላሉ ይህም የተረጋገጠ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ የተጠሩ ባለሙያዎች አራት ቀን መርምረው ቆጣሪው እንዲነሣ ጻፉ። ተነሣ፤ ገጹም ፈጠነ። በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊው አገልግሎት በማቀላጠፍ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በአቶ ፋኑኤል ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን ባለበት ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በሕመማቸው መካከል ማስጠንቀቂያው እንዲነሣላቸው አራት ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ። ለሦስቱ መልስ አልተሰጠም፤ ለአራተኛው የተሰጠው መልስ «ባለጉዳዩ በአካል ቀርበው ያስረዱ» የሚል ሆነ። ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ወይዘሮ ማህደርና አቶ ዳልጮ ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ ኃላፊው ቢሮ አወጧቸው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ጠበቁ። ከምሳ በኋላ ኃላፊው ወደ መስክ እንደወጡ ተነገራቸው። ወይዘሮ ማህደር «እንግዲህ ይብቃ» ሲሏቸው፣ ባለቤታቸው የመለሱላቸው «ልጆቹ ፋይሌን ቢከፍቱ የሚያገኙት ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው» የሚል ነበር። ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አቶ ፋኑኤል እናታቸውን ወይዘሮ ዘርፈሽን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማህደርን፣ ልጃቸውን ኑኃሚንን፣ ልጃቸውን ጥዑመልሳንን እና ሁለት እህቶችን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ በአስከሬናቸው ፊት መሥሪያ ቤቱን አንድ ነገር ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያው ይነሣ አይልም፤ ለሟች የሚነሣ ማስጠንቀቂያ የለም። ያቺ አንድ ገጽ ሪፖርት ግን ሳትቆረጥ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጎን ትያያዝ፤ ፋይሉን አንድ ቀን የሚከፍት ሰው ሁለተኛውንም ዓረፍተ ነገር ያንብብ።

እግዚአብሔር የባሪያውን የፋኑኤልን ነፍስ ደጅ ሳያስጠና ይቀበል፤ ከጻድቃን ወገን ያሳርፍ። ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ። አሜን።