ለቅሶ የማትችለው መኪና

በእኛ ጊዜ ቴፕ እንኳ ሐዘን ይቀመጥ ነበር። አትሳቂ ሰብልዬ፣ እውነቴን ነው። ሰው ሲሞት ቴፑ ጨርቅ ይለብስና ጥጉን ይይዛል፣ አርባው እስኪወጣ የሚነካው የለም፤ እንደ እናንተ ጠዋት ቀብር ማታ ጭፈራ አልነበረም። ታዲያ አንቺ ያቺን አሮጌ መኪና ከገዛሽ ጀምሮ "አክስቴ፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ምን ላድርግ?" እያልሽ ስለነዘነዝሽኝ፣ መጀመሪያ የእኛዋን የቀይዋን መኪና ጉድ ስሚ፣ ከዚያ ጋራዥ ትሄጃለሽ። ስልክሽን አስቀምጪ በይ።

ባለቤቴን ደምሴን ታውቂዋለሽ። መኪና ውስጥ ሲገባ ቁልፍ ከማዞሩ እጁ ቴፑ ላይ ነው። ከተጋባን ጀምሮ መኪና ውስጥ አንድ ሐሳብ ጨርሼ ተናግሬ አላውቅም፣ ዘፈኑ ይውጠዋል። የቴፑ መዘውር ደግሞ ከመነካካት ብዛት ተበልቶ፣ ወይ ዝግ ነው ወይ ጩኸት ነው፣ መሃል የለውም፣ ልክ እንደ ባለቤቱ። ለቅሶ ሲሆን ግን ደምሴ ሌላ ሰው ነው። ጥቁር ኮቱን ያጠልቃል፣ ቴፑን ቀጭ ያደርጋል፣ የእድራችንን አሮጊቶች ጭኖ ከአስከሬኑ ኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። እና ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ያቺ መኪና ገበያ ብትይ ገበያ፣ ሰርግ ብትይ ሰርግ፣ ለቡ ብትይ ለቡ፣ ሰጥ ለጥ ብላ ትሄዳለች፤ ቀብር ላይ ብቻ ትፈላለች! የእድሩ ሴቶች "ይህቺ መኪና ለቅሶ አትችልም፣ ሆደ ቡቡ ናት" እያሉ ሳቁባት። አንዷማ "ጠበል ጨምርባት" አለችው። "ራዲያተሩ ውስጥ ነው ወይስ አናቷ ላይ?" ብላት ተቀየመችኝ።

እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ የደምሴ እህት አልማዝ አረፈች። እናታቸው እማማ የሺ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ እዚሁ ጀሞ፤ እግራቸው እምቢ ካላቸው ቆይቷል። ደምሴ አቅፎ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ወደ መካኒሳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ሰልፉ ይጎተታል፣ ቴፑ ዝግ ነው። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ሽቅብ ስትል፣ ሽቅብ ስትል አየኋት።

"ደምሴ" አልኩት።

"አይቻለሁ" አለኝ።

ከዚያ ሽሽሽሽ! እንፋሎቱ መስታወቱን አለበሰው። ወረደና በኮቱ ጫፍ የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞር ሲል "አንተ! ፊትህን ልትቀቅል ነው? ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም!" ብዬ ጮህኩበት። ይህችን እንኳ ያዢ ሰብልዬ፣ በፈላ ሞተር ክዳኑን ከነካሽ ውሃው ዘሎ ቆዳ ነው የሚልጠው። ታዲያ ቆመን ቀረን፣ ሰልፉ አለፈን፣ እና ሌላ መኪና ለምነን ስንደርስ አፈሩ ተመልሷል። እማማ የልጃቸውን ቀብር አላዩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደምሴን አላናገሩትም። አልጮሁበትም፣ አልረገሙትም፤ ዝም። "እማዬ፣ ውሃ ላምጣ?" ይላል፣ ወደ እኔ ዞረው "ውሃ አምጪልኝ" ይላሉ። ያ ትልቅ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ብርጭቆ ይዞ ይቀራል።

መኪናዋም ለየላት። ድሮ በቀብር ብቻ የነበረው አሁን በየቀኑ ሆነ። ውሃ እንሞላለን፣ ትፈላለች፣ ውሃው ይጎድላል። እኔን ደግሞ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ውሃው የት ነው የሚሄደው? ሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ፣ አድሮ ደረቅ። ከመንገድ ላይ የገዛሁት አንድ አሮጌ የጥገና መጽሐፍ አለኝ፣ የማላነበው የለምና እሱን አነበብኩ። የዘይት መለኪያውን ሳብኩ፣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት አልነጣም። ጭስ ማውጫውን አየሁ፣ ነጭ ጭስ የለም። እና ቢኒ ጋ ሄድን፣ ሠፈር ያለው መካኒክ።

"ማዘር፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይከፈት" አለ ገና ሳያያት፤ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየውን የሞተሩን ማሸጊያ ማለቱ ነው።

"በምን አወቅህ?"

"በልምድ ነዋ!"

"ቢቃጠል ኖሮ ውሃና ዘይት አይቀላቀልም?"

"ሁልጊዜ አይደለም ማዘር።"

እሱም እውነቱን ነው፣ ሁልጊዜ አይደለም። "እንግዲያው መጀመሪያ አፍላና አሳየኝ" አልኩት። አስነሳት፣ ዘፈኑን ለቀቀው፣ ጋራዡ በሙሉ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ጠበቅን፣ ጠበቅን። አትፈላም! "ምንም የለባትም" ብሎ ሰደደን፤ በማግስቱ ፈላች። ክዳኑን ቀየረ፣ ራዲያተሩን አጠበ፣ ሞከረ፣ አልፈላችም፤ እኛ ስንወስዳት ፈላች። ደምሴ ተስፋ ቆረጠ። "በቃኝ። እናቴን ያሳጣችኝ መኪና ናት" አለና ገነጣጥሎ የሚሸጣት ሰው አገኘ፤ አርባው በወጣ ማግስት ሊወስዳት።

እኔ ለእማማ "ለአርባው የኮንትራት ታክሲ እንይዛለን" ስላቸው "የእሱ መኪና ካላደረሰችኝ አልሄድም" አሉኝ። አርባው እሁድ ነው፣ ቅዳሜ ብቻዬን ቢኒ ጋ ሄድኩ፣ "ለመጨረሻ ጊዜ" ብዬ።

አስነሳት፣ ዘፈኑን ለቀቀው። እኔ በርጩማ ላይ፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ ጋዜጣዬን ይዣለሁ። ሞተሩ ሲግል ፉፉፉ የሚል ድምፅ መጣ፣ አንዱ ገጽ ከእጄ አምልጦ በረረና ከመኪናዋ ፊት ላይ ለጠፍ! ተለጠፈ። ላነሳው ስል የቢኒ ስልክ ጮኸ። ቴፑን ዘጋና "ሃሎ!" አለ። ወረቀቱ ወደቀ። አነሳሁት። ስልኩን ጨረሰ፣ ቴፑን ከፈተ፤ ወረቀቱ ከእጄ ተስቦ ለጠፍ!

"ቢኒ፣ ዝጋው።"

"ምኑን?"

"ቴፑን!"

ዘጋ። ወደቀ።

"ክፈተው።"

ከፈተ። ለጠፍ!

"ማዘር፣ አስማት ነው እንዴ?"

"አስማትህን ተወውና ቴፑን ዘግተህ አብረን ቀስቷን እንይ።"

ዘጋነው፣ ቀስቷ ሽቅብ። ከፈትነው፣ ቀስቷ ቁልቁል። ለካ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ፣ እነሱ ፋን የሚሉት፣ ድሮ ሞተሩ ሲግል የሚያስነሳው ማዘዣ ሲበላሽ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን ከቴፑ ጀርባ ካለ ሽቦ ጋር አጋብቶት ኖሯል። ሲሞክረው ዘፈን ተከፍቶ ነበር፣ ፋኑ ዞረ፣ "አለቀ!" ብሎ ሄደ። ያ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቴፑ ሲበራ ብቻ እንደሆነ ማን ያስብ? መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ያበርዳታል፣ ቀስ ስትል ግን ያለ ፋን አትችልም። ውሃውም ስትፈላ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ መንገድ ላይ እየተፋችው ነው፣ ካርቶኔ በምን ይርጠብ? እኛ ደግሞ ሐዘን ብለን ዘፈኑን ስንዘጋ ማራገቢያዋን አብረን እየዘጋን!

"በል አስተካክለው።"

"ኤሌክትሪክ አልነካም ማዘር፣ አቃጥላታለሁ። ኤሌክትሪክ የሚሠራልኝ ልጅ ክፍለ ሀገር ነው፣ ሰኞ ይመጣል።"

እሁድ ጠዋት ለደምሴ ነገርኩት። "በእህቴ አርባ ዘፈን ከፍቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልቁም? አላደርገውም" አለ። ቴፑን ዘግቶ ተነሳን። መካኒሳ ስንቃረብ መንገዱ ታነቀ፣ እና ቀስቷ ሽቅብ።

"ክፈተው" አልኩ።

"አልከፍትም።"

"ትፈላለች ደምሴ!"

"ትፍላ!"

"ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?" አሉ እማማ። ነገርኳቸው፣ ቴፑንም፣ ፋኑንም፣ የቀብሩንም ቀን። ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ፣

"ደምሴ።"

"አ... አቤት እማዬ!"

"ክፈተው።"

"እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ልጄን ሳልቀብር ያስቀረኝ ይኸው የሰው አፍ ነው ለካ! ክፈተው እንጂ! አልማዝ ዘፈን ሳታስከፍት እዚህ መኪና ገብታ ታውቃለች?"

ከፈተው። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የሰርግ ዘፈን! ሙሽሪትዬን፣ በእልልታ! የሚሻገረው ሰው አማተበብን። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወሸቅኩ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም። ደምሴ እንባው ይወርዳል፣ ቀስቷም አብራው ትወርዳለች። እንዲያ እያስጨፈርን ደጁ ላይ ደረስን፣ የእድሩ ሴቶች ጥቁር በጥቁር ሆነው አፋቸውን ያዙ። "ምነው፣ ደምሴ አበደ?" ሲሉ እማማ በመስኮት አንገታቸውን አወጡና "ለሞተሩ ነው!" አሏቸው። ከዚያ በልጃቸው ክንድ ታቅፈው መቃብሩ ላይ ደረሱ።

መኪናዋ አልተሸጠችም። ሽቦውም ሰኞውን ተስተካከለ፣ ፋኑ አሁን ቴፑ ተከፈተ አልተከፈተ ይዞራል። ደምሴ ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ ሲሄድ ይከፍታል። ሰው ሲቆጣው "ለሞተሩ ነው" ይላል፣ አሮጊቶቹም አሁን ለምደውት ከኋላ ሆነው "ያንን ዘፈን ለውጥልን" ይሉታል።

"አክስቴ፣ የእኔዋ መኪና ግን ቴፕ የላትም እኮ!" አልሽ?

እንግዲያው ማታ ካርቶን አንጥፊላትና ጠዋት ይዘሽልኝ ነይ፤ መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ እንይ።