አንድ በጋ የተፈተነው እስክሪብቶ፤ የኦቦ ቱፋ ሞሲሳ የሕይወት ጉዞ

የተወደዳችሁ የአምቦ፣ የጊንጪና የባኮ ሰዎች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን የሚያነብላችሁ የኦቦ ቱፋ ባለቤት ታናሽ ወንድም ደግፌ ተድላ ነው። የሟች ታሪክ ረጋ ብሎ ቢነበብ ወግ ነው፤ የኦቦ ቱፋን ታሪክ ግን ረጋ ብሎ ማንበብ ማን ይችላል? በመካከል ፈገግ የሚል ሰው ቢኖር ነውር አይሁንበት፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ደስ ይላቸው ነበር።

ኦቦ ቱፋ ከአባታቸው ከኦቦ ሞሲሳ ሌታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደብሪቱ ቀንዓ በደንዲ ወረዳ በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ጊንጪ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ወደ አምቦ መጥተው በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ተቀጠሩ፤ እዚያም ቶርኖ በሚባለው፣ እንጨቱን ራሱ እያሽከረከረ ለመሮ በሚያቀርበው ማሽን ላይ የአልጋና የወንበር እግር መቅረጽ ተማሩ።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳቸውን ቶርኖ ሲተክሉ ግን የወንበር እግር ብቻውን አላረካቸውም። ከሥራ የተረፈውን ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ እንደ ጥፍር እያሳነሱ ቆርጠው፣ ጥቁሩን ከነጩ አፈራርቀው በኮላ እያጣበቁ፣ መሐሉን በስተው ከሱቅ እስክሪብቶ የወጣ የቀለም ቱቦ ያስገቡበት ጀመር። ቶርኖው ላይ በመሮ አቅጥነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በሰም ሲወለውሉት ያ ሁሉ ቁርጥራጭ አንድ እስክሪብቶ ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ «ኮታ ኢላላ! ኑና እዩ!» ብለው ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር።

እህታችን ወ/ሮ ወሰንየለሽ ተድላ በዚያ ዘመን የአምቦ አስተማሪ ነበሩ። አንድ እስክሪብቶ ገዙ፤ በሳምንቱ ሌላ ገዙ፤ ሦስተኛውን ሊገዙ ሲመጡ ኦቦ ቱፋ «መምህርት፣ ይህን ሁሉ ምን ይጽፉበታል?» ቢሏቸው ከፍለው በጥድፊያ ወጡ። ነገሩም ለኦቦ ቱፋ በዚያው ገባቸው። ሽማግሌ ባኮ ተልኮ፣ ወንጪ ተወልደው ባኮ በቆሎ የሚያርሱት አባታችን ኦቦ ተድላ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ አሉ።

እንግዲህ ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን፣ በምእመናን ፊት የጋብቻውን ወረቀት እንደሚፈርሙ ታውቃላችሁ። ኦቦ ቱፋም የምፈርመው ሁለቱን ቤት በገጠመ እስክሪብቶ ነው ብለው ተነሡ። ከደንዲ፣ ከአባታቸው ግቢ የደረቀ ወይራ አመጡ፤ ኦቦ ተድላ ከተወለዱበት ከወንጪ ደግሞ ከተቆረጠ አሥራ አምስት ቀን ያልሞላው እርጥብ ኮሶ አመጡ። ባለሙያ ሰው ናቸው፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚኮማተር መች ጠፋቸው? ነገር ግን ሙሽራ ናቸውና፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አሥራ ሁለቱን ወይራና አሥራ ሁለቱን ኮሶ አጣብቀው ጨረሱት።

በጥር 1985 ዓ.ም. ባኮ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ «ቱፋ» ብለው «ሞሲሳ» ሊሉ እስክሪብቶውን ጫን ሲያደርጉት ቷ! ብሎ ከመካከሉ ተከፈለ። ቀለሙ በነጩ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ፓስተሩ የራሳቸውን እስክሪብቶ ሲያቀብሉ ኦቦ ተድላ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አኮማትረው ተነሡና «የለም፣ ይቆይ! ሁለት ቤት ሊያገጣጥም የመጣ ዕቃ አንድ ፊርማ ካልቻለ ልጄን በምን አምኜ ልስጥ? ሌላ ሠርተህ አምጣ። አንድ በጋ ሙሉ እዚሁ ባኮ በኮቴ ኪስ ይክረምና ካልተሰነጠቀ ትወስዳታለህ» አሉ። ሽማግሌ ቢለምን፣ እናታችን ቢያለቅሱ፣ ወይ ፍንክች! ድግሱ ተበላ፤ ሙሽራዋ ግን አባቷ ቤት ቀረች።

ኦቦ ቱፋ አላኮረፉም። የወንጪውን ኮሶ እንደገና ቆርጠው አሰጡት፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቁርጥራጩን በመሐረብ ቋጥረው ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ እየሄዱ በወርቅ ሚዛን ያስመዝኑ ነበር። ክብደቱ እስከቀነሰ ድረስ ውሃ አለበት ማለት ነው። ከተማው «ቱፋ እንጨቱን ወርቅ አደረገው» እያለ ሳቀባቸው፤ ባኮ ደግሞ ባለ መኪና ነጋዴ እህታችንን ጠየቀ። ዘመድ ሁሉ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቁርጥራጭ እንጨት?» ቢል ወ/ሮ ወሰንየለሽ «አዎ፣ እሱኑ እጠብቃለሁ» ብለው እርፍ! ሚዛኑም በነሐሴ ወር ከቆመበት ሳይነቃነቅ አራት ቅዳሜ አለፈ።

አዲሱ እስክሪብቶ በጥቅምት 1986 ዓ.ም. ኦቦ ተድላ ኪስ ገባ። ከዚያ በኋላ የእኛን ቤት ጭንቀት ማን ይንገራችሁ! ኅዳር አለፈ፣ ጥር አለፈ። በመጋቢት ግን ጉድ ፈላ፤ ወ/ሮ ወሰንየለሽ የአባታቸውን ኮት ከነእስክሪብቶው ዘፍዝፈው አጠቡት! ከውሃው ሲያወጡት ማንም አላያቸውም፤ አድርቀው ኪስ ውስጥ ቢመልሱት የሚያውቅ አልነበረም። እርሳቸው ግን ይዘውት ሄደው «አባዬ፣ አጥቤዋለሁ፤ ከተሰነጠቀም ጥፋቱ የኔ እንጂ የቱፋ አይደለም» አሉ። ኦቦ ተድላ ተቀበሉና ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡ በዚያ መስኮት ሥር ሲመላለስ ከረመ። በስምንተኛው ቀን ኦቦ ተድላ በጥፍራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት፤ ብርሃን ላይ አገላበጡት፤ አንዲት ክፍተት አጡበት። «ሰርገኛ ጥሩ» አሉ። እልል አልን! ኦቦ ቱፋ ወሬው አምቦ ሲደርሳቸው ቶርኖውን ሳያጠፉ ሮጠው በቆሎ ሊጭን በሚሄድ መኪና ባኮ ገቡ። በግንቦትም ፈረሙ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጨረሱ።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው ገነነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመረቁ፣ አንድ መኝታ ክፍል የኖሩት ከየአገራቸው ቁራጭ እንጨት እያስመጡ በአንድ እስክሪብቶ ያስገጥሙ ነበር፤ ኦቦ ቱፋም የመጣው እንጨት ካልደረቀ የማንንም ልመና አይሰሙም። ልጃቸው ጊፍቲ ሙያውን ወርሳለች፤ ፊራኦልም ትምህርቱን እየተከታተለ ነው።

የእንጨቱ ብናኝ ግን ሳንባቸውን ጎዳው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መሥራት ሲያቅታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የቶርኖውን ድምፅ ብቻ በመስማት «ጊፍቲ፣ መሮሽ ደንዟል፣ ሳዪው» ይሉ ነበር። በጥቅምት ኦቦ ተድላ ከባኮ መጡ፤ ሦስት ወር ከአልጋቸው አጠገብ ሳይለዩ በእጃቸው ሲያጎርሷቸው ቆዩ። ኦቦ ቱፋ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

የተለዩዋቸው ባለቤታቸው ወ/ሮ ወሰንየለሽ ተድላ፣ ልጆቻቸው ጊፍቲና ፊራኦል ቱፋ፣ እንዲሁም አንድ ሌላ ሰው ናቸው። እኚህን ሰው በትናንቱ ወረቀት «አማታቸው» ብለን ጽፈን ነበር። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን አስነብበው ከሰሙ በኋላ «ሰርዘው። ያን ሰው እኔ ነኝ የፈተንኩት፤ ምን እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። ልጁ ሞተበት ብለህ አንብብ» ስላሉን እንዳዘዙን እናነባለን፤ ልጃቸው የሞተባቸው የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ኦቦ ተድላ። ጌታ የኦቦ ቱፋን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ እርሳቸውንም፣ እኛንም ያጽናን። አሜን።