ከመሪው ጀርባ ስሳለም

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንበር አጥታችሁ ሰርቪሱ ውስጥ እንደምትቆሙት ቆማችሁ የምትሰሙኝም ጭምር፤ ለዚህ የመሸኛ ዝግጅት ደፋ ቀና ያላችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ የሺአረግ “አምስት ደቂቃ ብቻ ይናገሩ” ብለውኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ “ጋሼ፣ ረፈደብን፣ ቶሎ ይንዱ እንጂ!” ስትሉኝ ኖራችኋል። ዛሬ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

ከየካ አባዶ ጭኛችሁ ስመጣ፣ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጋ ኮፍያዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ ከመሪው ጀርባ አንገቴን ዝቅ እንደማደርግ ታውቃላችሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። “የጋሽ ኃይለሚካኤል መኪና የተባረከች ናት” ትሉ ነበር። ለምን እዋሻለሁ? እኮራበት ነበር።

አምና መንገዱ ተቆፍሮ በውስጥ ለውስጥ የዞርንበትን ጠዋት ታስታውሳላችሁ? ሰዓቱ ሲደርስ ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ አማተብኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ከፊት የተቀመጠችው የመዝገብ ቤቷ ሀቢባ፣ “ጋሼ፣ ይቅርታ ግን… እዚህ ያለው እኮ ብሎኬት ማምረቻ ነው!” አለች። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው እንዲህ የምሳለመው? አንገቴ ይሰግዳል፤ ልቤ ስለ ናፍጣና ስለ ትራፊክ ፖሊስ ያስባል። እግዚአብሔርን በየቀኑ አልፌው እሄድ ነበር እንጂ አንድም ቀን አልቆምኩለትም።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። “ከእንግዲህ ሁሉን ለእሱ ሰጥቻለሁ” አልኳቸው።

“ሁሉን?”

“አዎ፣ አባ።”

“ደብቀህ ያስቀረኸውንስ?”

አንድ ነገር ነበረኝ። “ጌታዬ፣ ይህችን ብቻ አትንካብኝ” እያልኩ ስድስት ዓመት ይዣት ኖሬአለሁ።

ሐምዛ፣ እባክህ አትውጣ።

አዲሶቹ ሐምዛን የምታውቁት በኋላ በር ገብቶ መጨረሻ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ መካኒክ አድርጋችሁ ነው። ዝምተኛ አልነበረም። ድሮ አጠገቤ ተቀምጦ እስከ መገናኛ ሆዳችንን እስኪያመን ያስቀን ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የመኪናዋ ሞተር ግሎ ተቃጠለ። ስብሰባ ላይ ቆሜ “የሞተሩን ውሃ ያላየው ሐምዛ ነው” አልኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ሊያገኝ የነበረው እድገትም ቀረ። እሱ “አላህ ያያል” ብሎ ብቻ ወጣ።

ያን ጠዋት ውሃውን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቸኩዬ ሳላይ ተነሳሁ። ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁና ዋሸሁ። በማግስቱም ሳሊተ ምሕረት ጋ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ሐምዛ፣ ለብቻህ ልነግርህ አስቤ ነበር። የወነጀልኩህ ግን በሰው ፊት ነው። ያ ደብዳቤ ከፋይልህ እንዲወጣ፣ እውነቱን ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ የሺአረግ ሰጥቻለሁ። ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ዛሬ ካልሆነልህም አልቀየምህም።

ይቅርታ፣ እንባዬ አስቸገረኝ… አምስት ደቂቃዬም ሳያልቅ አልቀረም።

ልጆቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መውጣት መግባታችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። የታመመ ካለበት ቤት ምሕረቱ ይግባ። ለየጸሎታችሁ ልብ ይስጣችሁ፤ እኔ የዘገየሁትን ያህል አትዘግዩ።

ዛሬ ስንወጣ ሰርቪሱን የሚነዳው ኢዩኤል ነው። አደራ ኢዩኤል፣ ከመነሳትህ በፊት ውሃውን እይ። እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ በኋላ በር ነው የምገባው። ሐምዛ፣ ከፈቀድክልኝ አጠገብህ እቀመጣለሁ።