ግራ እጅ የያዘው ምላጭ

ደሴ፣ አራዳ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ እጁን ያሽመደመደበት ፀጉር አስተካካዩ አጥናፉ፣ ግራ እጁን ለማልመድ ሳሙና የተቀባ ፊኛ በምላጭ እየላጨ ይበሳጫል፤ ጡረታ የወጣው ሾፌር ጓደኛው ወንድይፍራው ደግሞ አርባ ቀን ያሳደገውን ጺም ይዞ ከመላጫው ወንበር ላይ አልነሳም ብሏል።

ወንድይፍራው፦ አልነሳም አልኩህ! ካሰኘህ ጎትተህ አውጣኝ።

አጥናፉ፦ ሰውዬ፣ በነፍስህ አትቀልድ። ይኼን ፊኛ እያየኸው ነው? ሰባተኛዬ ነው። ስድስቱን አፈንድቻለሁ።

ወንድይፍራው፦ ይኼኛው እኮ እየሄደልህ ነው። ቀስ በል... ቀስ...

አጥናፉ፦ አታውራብኝ! ይኸው! ይኸው ፈነዳ! ደስ አለህ?

ወንድይፍራው፦ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አጥናፉ፦ ሳሙና በመሆኑ አመስግን። በል ተነስና ታች ያለው ፀጉር ቤት ሂድ። በቶንዶስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ወንድይፍራው፦ የየሻሽወርቅን ሐዘን በቶንዶስ ላውርደው? ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት እኮ! አርባዋን ዛሬ ጠዋት አወጣን፤ የእድሩ ሽማግሌዎች «እንግዲህ ይበቃል፣ ተላጭ» አሉኝ፤ ቀጥ ብዬ ወዳንተ መጣሁ። የአባቴ ጊዜ እዚሁ ወንበር ላይ የላጨኸኝ አንተ፣ የእናቴም ጊዜ አንተ።

አጥናፉ፦ እኔ አይደለሁም፤ ይኼ እጅ ነው። እየው፣ ተንጠልጥሏል። ሌላው ደግሞ ከዛሬ ነገ ይለምዳል እያልኩ አምስት ወር ደከምኩ፤ ምንም የለም። ምላጭ ትንሽ ቀና ካለ ይቆርጣል፣ ከተኛ ደግሞ ይነቅላል። በቀኙ ይኼን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን ለእያንዳንዷ ጣት እየነገርኳት ነው፤ አንዷም አትሰማኝም።

ወንድይፍራው፦ ይሰማሉ። አንተ ስትጮህባቸው ነው የሚደናገጡት።

አጥናፉ፦ ተናድጃለሁ ወንድይፍራው! በእጄም ባንተም ተናድጃለሁ! ሸሚዜን ሚስቴ ባንቺአምላክ ናት የምትቆልፍልኝ፣ ታውቃለህ? በቃኝ። ነገ ጠዋት ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት አስረክባለሁ።

ወንድይፍራው፦ ምን? ፀጉር ቤቱን ልትዘጋ?

አጥናፉ፦ ልዘጋ። መላጨት የማይችል ፀጉር አስተካካይ ምን ይሠራል?

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ።

አጥናፉ፦ ተቆጥቼ ነው ያለሁት፤ ጠይቅ።

ወንድይፍራው፦ ለምንድነው በቀኜ በኩል የምትቆመው?

አጥናፉ፦ ሠላሳ ዓመት የቆምኩበት ቦታ ነዋ!

ወንድይፍራው፦ በቀኝ እጅህ በምትላጭ ጊዜ ነበራ! አሁን በግራህ ይዘህ እዚያው ስትቆም ክንድህ ይጠመዘዛል። ለዚህ እኮ ነው ምላጩ ቀና የሚልብህ። እኔ አንድ ጊዜ መሪዋ በቀኝ የሆነ ካሚዮን ሰጥተውኝ፣ እንደ ድሮው እያየሁ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው አጥር ስፍቅ ሰነበትኩ። አቀማመጤን ስቀይር ተስተካከለ። ዙርና በዚህኛው በኩል ሞክር።

አጥናፉ፦ እዚያ አልቆምም።

ወንድይፍራው፦ ለምን?

አጥናፉ፦ አልቆምም አልኩ!

ወንድይፍራው፦ ያንተን ምላጭ አንገቴ ላይ ለማሳረፍ የመጣሁ ሰው ነኝ። ምክንያቱን ብትነግረኝ ምን አለበት?

አጥናፉ፦ በሩ በዚያ በኩል ነው። መስታወት ነው። የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ ያየኛል። እዚህ ስሆን ወንበሩና ግድግዳው ይሸፍኑኛል። ይኼ እጅ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ... አፍራለሁ። በቃ፣ አፍራለሁ። ደስ ይበልህ።

ወንድይፍራው፦ ምን ደስ ይለኛል? እኔ አርባ ቀን ሙሉ ሐዘኔን ፊቴ ላይ ይዤ ስዞር ነው የከረምኩት። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ሰው ጺሜን እያየ ከንፈሩን ይመጥልኛል። የት ልደበቅ?

አጥናፉ፦ ያንተ ዛሬ ይወርዳል። የኔ የሚወርድ አይደለም።

ወንድይፍራው፦ ጺሜ ሲወርድ የሻሽወርቅ ትመለሳለች እንዴ? ተላጭቼ የምገባው እኮ ባዶ ቤት ነው። ግን መግባት አለብኝ አጥናፉ። አንተ ካልላጨኸኝ እንዲህ እንደ ጎፈርኩ እቀራለሁ፤ ሌላ ሰው ፊቴን አይነካም።

አጥናፉ፦ ሽማግሌ ነህ እንጂ እንዴት ያለ ችክ ያልክ ሰው ነህ! ብትላጭስ፣ ቆዳውን የሚወጥር ሁለተኛ እጅ ከየት ላምጣ?

ወንድይፍራው፦ እኔ እወጥራለሁ። ፊቱ የኔ አይደል?

አጥናፉ፦ ...ደገፍ በል። ፎጣውን ወደ ላይ ሳበው። ጉንጭህን ወደ ጆሮህ ወጥር። እንደዚያ አይደለም፣ ልትገነጥለው ነው እንዴ? ለስለስ አድርገህ።

ወንድይፍራው፦ ዞርክ አይደል? በበሩ በኩል ነህ።

አጥናፉ፦ ነኝ። አትንቀሳቀስ።

ወንድይፍራው፦ አንዲት ሴትዮ ቆማ እያየችህ ነው።

አጥናፉ፦ ትይ።

ወንድይፍራው፦ ኧረ ሄደልህ! ምላጯ ስትወርድ ሰማኋት፣ ምንም አልነቀለችም። ...እህ! ደማሁ?

አጥናፉ፦ አንድ ጠብታ። በቀኙም ቆርጬህ አውቃለሁ፤ ያኔ አልነገርኩህም።

ወንድይፍራው፦ ምን? መቼ? የእናቴ ጊዜ እንዳይሆን ብቻ! ደግሞ ያኔ ለምን አልነገርከ...

አጥናፉ፦ ዝም በል እንግዲህ። ጉሮሮህ ላይ ደርሻለሁ፤ እኔ ስላጭ ሰው አያወራም።